የተማሪዎቻችን ድምፅ ከተራራው ወዲያ እንዲሰማ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያሰሙት ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ ሲባል ሙሉ ቃሉ በዚህ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጥቷል።)



ስለ ውኃ መውረጃው ቦይና ስለ ጥበቃ መዋጮው ቀደም ብለን ተነጋግረናል። አሁን ወደ ሦስተኛው አጀንዳ እንገባለን። እሱም የተማሪዎቻችን ራዲዮ ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤታቸው የሚኒ ሚዲያ ክበብ አላቸው። ጧት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በፊትና በዕረፍት ሰዓት ዜና ያነባሉ፣ ጥያቄና መልስ ያካሂዳሉ፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ጤና ይናገራሉ፣ ግጥምም ይጨምሩበታል። ሠፈራችን ቅርብ ስለ ሆነ ነፋሱ ወደኛ ሲነፍስ እኛም እንሰማቸዋለን። ነፋሱ ከዞረ ግን የለም። ድምፅ ማጉያው ከአጥሩ ብዙም አያልፍም። በመሆኑም ክበቡ “ድምፃችን በራዲዮ ሞገድ ወጥቶ ወላጆቻችን ካሉበት እንዲደርስ ማኅበሩ ይርዳን” ሲል ጠየቀን። ከአባላት መካከልም “ገንዘብ አዋጥተን አንድ የኤፍ ኤም ማሠራጫ ገዝተን በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ እንትከልላቸው” የሚል ሐሳብ ቀረበ። ኮሚቴው ደግሞ “ገንዘብ ከመነካቱ በፊት ይጠና፤ ጸሐፊው ባለሙያ ይጠይቅና ለጉባዔው ያስረዳ” ብሎ ወሰነ።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። የተማርኩትም አንደኛ ደረጃ ነው። ነገር ግን የኤሌክትሮኒክስ ጥገና የሚሠሩትን፣ ፊዚክስ የሚያስተምሩትን ጠይቄ፣ የሰጡኝንም ወረቀት ደጋግሜ አንብቤ፣ የገባኝን በራሳችን ቋንቋ ይዤ መጥቻለሁ። በተቻለኝ መጠን እገልጸዋለሁ፤ ያልገባችሁን ትጠይቃላችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ምን እንደምንነጋገር እንወቅ። አንዳንድ ሰው “ለልጆች ጨዋታ ይህን ያህል ስብሰባ ምን ያደርጋል?” ይል ይሆናል። ጨዋታ ከሆነስ እኔም ባልቆምኩ። በየቤታችን ክፍል ተከራይተው የሚማሩትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። ከእስቴ፣ ከጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእብናት፣ ከፋርጣ ገጠር ስንቅ ተሸክመው የሚመጡ ናቸው። ወላጆቻቸው ልጃቸው ምን እንደ ደረሰ የሚሰሙት በገበያ ቀን በሚመጣ ሰው ነው። ስልክ ያለው በስልክ ይሰማል፤ እሱም ኔትዎርክ ካለ፣ ባትሪም ካልሞተ ነው።

ያለፉትን ዓመታት መለስ ብላችሁ አስታውሱ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በመላው አገሪቱ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጣል ተባለ። ጥሩ ነበር፤ ራዲዮ ያለውና ሞገዱ የሚደርሰው ተማረበት። ከተራራው ጀርባ ያለው ልጅ ግን ከብቱን ሲጠብቅ ከረመ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደጃችን ደረሰ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከባድ መሣሪያ እዚሁ ደብረ ታቦር ወድቆ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ጦርነቱ በነበረባቸው የክልላችን ቦታዎች የነበሩ ተማሪዎችም የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከሌላው ተለይተው በሁለተኛ ዙር እንዲፈተኑ ሆነ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ “ትምህርት ተጀመረ ወይስ አልተጀመረም? ልጄን ልላክ ወይስ ላስቀር?” መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክም ሲጠፋ፣ ይህን ጥያቄ የሚመልስ የቀረ መሣሪያ ቢኖር ራዲዮ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ከጨዋታ በላይ ነው ማለቴ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ሞገድ እንዴት ይሄዳል?

ራዲዮ ያላችሁ ሰዎች እንደምታውቁት መካከለኛ ሞገድ፣ አጭር ሞገድና ኤፍ ኤም የሚባሉ አሉ። አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከላይኛው የአየር ንብርብር ተመልሶ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከሩቅ አገር ይሰማል፣ ግን ይመጣል ይሄዳል፣ ያፏጫል። ብሥራተ ወንጌል ይባል የነበረው የአዲስ አበባ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. ተከፍቶ በአፍሪካ ከዳር እስከ ዳር ይሰማ የነበረው በአጭር ሞገድ ነበር። መካከለኛ ሞገድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ኮረብታውንም እንደ ምንም ይሻገራል፤ ሲመሽ ደግሞ ይበልጥ ይርቃል። በደርግ ዘመን ትምህርት በራዲዮ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች ይደርስ የነበረው በየአካባቢው በተተከሉ የመካከለኛ ሞገድ ማሠራጫዎች ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ራዲዮ ብዙ አገልግሏል። በዕድሜ የገፋችሁት ታስታውሳላችሁ፤ አንድ ራዲዮ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ መምህሩ መመሪያውን ይዞ ይቆማል፣ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል።

ሦስተኛው ኤፍ ኤም ነው። ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው ውስጥ ይሠራል። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ መሣሪያውም ከሌሎቹ ርካሽ ነው። ግን አንድ ጠባይ አለው። እንደ ዓይን ነው። ዓይን የማያየውን ኤፍ ኤምም ብዙውን ጊዜ አያገኘውም። ጥቂት ወደ ጎን ቢያጥፍም፣ ትልቅ ተራራ ከፊቱ ከቆመ አለቀ።

አሁን አገራችንን ተመልከቱ። ከተማችን 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ በኩል ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኖ ቆሟል። በምዕራብ በኩል ዳገቱን ወርደን ዓለም በርን አልፈን ወረታ ስንደርስ የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ድረስ ተዘርግቷል፤ እሱም 1,800 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከዚህ የሚነሣ ኤፍ ኤም በምዕራብ በኩል ዕድል አለው። ከዳገቱ ከንፈር ላይ የቆመ አንቴና ሜዳውን ቁልቁል ያያልና። ወደ ጋይንት ግን ጉናና ትከሻው ይከለክሉታል። ወደ እስቴ ሲሄድም ሸንተረሩና ሸለቆው ይፈራረቅበታል። አንዱ መንደር ይሰማል፣ ከሱ ቀጥሎ በሸለቆ ውስጥ ያለው አይሰማም።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። “አልሰማም ካለ ጉልበት ያለው ማሠራጫ ይገዛ” ይባላል። የዕድራችንን ጥሩምባ ነፊ አስቡ። ሬሳ ሲያድር ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ የት ነው የሚሄድ? ጉብታው ላይ ይወጣል። በጓሮው ቆሞ ጉሮሮው እስኪነቃ ቢነፋ የታችኛው ሠፈር አይሰማውም፤ ጉብታው ላይ ወጥቶ እንደ ነገሩ ቢነፋ ግን ሁሉም ይሰማል። የኤፍ ኤም ነገርም ይኸው ነው።

በቁጥር ላስረዳ። የማሠራጫን ጉልበት በዋት ይለኩታል። በአንድ ቦታ ላይ የሚደርሰውን የሞገድ ብርታት እጥፍ ለማድረግ ጉልበቱን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። 50 ዋት የነበረውን 200 ዋት ማድረግ ማለት ነው። ገንዘቡ ይጨምራል፣ መብራቱ ይጨምራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፤ ከተራራው ኋላ ያለው መንደር ግን ያው አይሰማም። ከፍታን ደግሞ እንይ። በሜዳ ላይ 9 ሜትር ከፍታ ያለው አንቴና አድማሱ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 36 ሜትር ቢሆን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። እኛ ግን ብረት ቀጥቅጠን 36 ሜትር ምሰሶ ማቆም አያሻንም። እግዚአብሔር በየአቅጣጫው ኮረብታ ሰጥቶናል። ችግራችንም መፍትሔያችንም ተራራው ነው።

ሌላው የሚረሳው ነገር ገመዱ ነው። ማሠራጫው ቤት ውስጥ ይቀመጣል፣ አንቴናው ውጭ ይቆማል፤ በመካከላቸው ገመድ አለ። ርካሽ ነው ተብሎ ቀጭኑ ገመድ ከተገዛ 20 ሜትር ሲረዝም ብቻ የጉልበቱን ግማሽ ያህል በመንገድ ላይ ይበላዋል። 50 ዋት ገዝተህ 25 ዋት ታሠራጫለህ ማለት ነው። በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ የሚመክሩት ገመዱ ወፍራምና አጭር እንዲሆን፣ ማሠራጫውም ከአንቴናው ሥር ቀረብ ብሎ እንዲቀመጥ ነው። አንቴናውም ለተመደበለት ቁጥር ተለክቶ መቆረጥ አለበት፤ ልኩን ካልጠበቀ ኃይሉ ወደ ማሠራጫው ተመልሶ መሣሪያውን ያቃጥለዋል።

መብራትንም አንርሳ። በዚህ ከተማ መብራት መጥፋቱን ለናንተ መናገር አያስፈልግም። አንድ አነስተኛ ጣቢያ ከነማይክራፎኑና ከነማደባለቂያው 150 ዋት ቢወስድ፣ 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ እስከ ግማሹ ድረስ ብቻ ብንጠቀምበት 4 ሰዓት ያሠራዋል። ከግማሽ በታች ማውረድ የመኪና ዓይነቱን ባትሪ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ሶላር ቢጨመር ጥሩ ነው። ደግሞ መብረቅ አለ። ክረምቱን ታውቁታላችሁ። በኮረብታ ላይ ብረት ያቆመ ሰው መብረቅ ጠርቶ እንዳስቀመጠ ይቁጠረው። የመሬት ሽቦ ሳይቀበር አንድም ቀን መሥራት የለበትም፤ ልጆች ናቸው ከመሣሪያው ፊት የሚቀመጡት።

እንግዲህ ቴክኒኩ ይህ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣው ግን ሕግ ነው።

አየር ላይ ያለ ቁጥር እንደ መሬት ነው፤ ባለቤት አለው፣ ይመደባል፣ ይመዘገባል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ያለ ፈቃድ ማሠራጨትን አይፈቅድም። ፈቃድ ሰጪው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ለንግድ ያልቆመ የማኅበረሰብ ራዲዮን ያውቃል፤ ይህም ቀደም ብሎ በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 533/1999 ጀምሮ የታወቀ ነው። ስለዚህ በሩ ዝግ አይደለም። ግን በሩን አንኳኩቶ መግባት እንጂ በአጥር መዝለል የለም። ከገበያ ገዝቶ ጣሪያ ላይ የሚተከል ማሠራጫ የሌላውን ጣቢያ ቁጥር ይረብሻል፤ ከዚያም አልፎ በዚህ ጊዜ፣ በዚህ አካባቢ፣ ፈቃድ የሌለው ማሠራጫ ከተማሪ እጅ ቢገኝ ምን ሊባል እንደሚችል ለናንተ መንገር አይገባኝም። ልጆቻችንን ለዚህ አሳልፈን አንሰጥም። ኮሚቴው በዚህ ነጥብ ላይ በአንድ ድምፅ ነው።

“ታዲያ ሌላ አገር እንዴት ሠሩት?” ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። በአገራችን ተማሪዎች የሚሠሩባቸው ራዲዮዎች አሉ። በጅማ ዩኒቨርሲቲና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ራዲዮ ጣቢያዎች ተቋቁመዋል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በኤፍ ኤም 99.4 ጣቢያ ከፍቷል። የጋዜጠኝነት ተማሪ እዚያ ይለማመዳል፣ የአካባቢው ገበሬም ስለ እርሻና ስለ ጤና ይሰማል። ከነዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ጣቢያውን የተሸከመው ተቋም ነው። በጀት አለው፣ የሚጠግን ባለሙያ አለው፣ ፈቃዱን የሚያድስ አለው። ተማሪ ይመረቃል፣ ይሄዳል። ዘንድሮ የሚተጋው ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ የት እንደሚሆን አናውቅም። የሚቀጥል ትከሻ ከሌለ መሣሪያው አቧራ ይጠጣል።

ሌላም ትምህርት አለ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ገብቶ ነበር። ትምህርቱ በሳተላይት ከሰማይ ስለሚመጣ ተራራ አያግደውም ነበር። የመድረስ ችግር ተፈታ ማለት ነው። ግን መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ያመልጣል፤ ተናጋሪውም ይፈጥናል፣ “ቆይ አልገባኝም” ቢሉት አይሰማም። ስለዚህ ሞገዱ መድረሱ አንድ ነገር ነው፤ ሰሚው ተቀብሎ መጠቀሙ ሌላ ነገር ነው። የራዲዮን መድረስ በኪሎ ሜትር ብቻ አንለካውም፤ በሰሚም እንለካዋለን።

እዚህ ላይ የክበቡ ተማሪዎች እራሳቸው የተናገሩትን ልጥቀስ። “እኛ እኮ ጣቢያ ይኑረን አላልንም፤ እቤታችን እንሰማ ነው ያልነው” አለች አንዷ ልጅ። እኔ ከመሐንዲሶቹ ወረቀት ሁሉ ይህ ቃል በለጠብኝ። ጥያቄው “ማሠራጫ እንዴት እንግዛ?” ከሆነ መልሱ ሩቅ ነው። ጥያቄው “ልጆቹ እቤታቸው እንዴት ይሰሙ?” ከሆነ ግን ዛሬውኑ የምንጀምረው ሥራ አለ።

በዚህ መሠረት ኮሚቴው ለጉባዔው አምስት ነጥቦች አቅርቧል።

አንደኛ፣ የመስማት ቆጠራ ይካሄድ። ገንዘብ አይጠይቅም። ተማሪዎቹ ስንቅ ለማምጣት ወደየቤታቸው ሲሄዱ አንዳንድ ትንሽ ራዲዮ ወይም ራዲዮ ያለው ስልክ ይዘው ይሂዱ። በየመንደራቸው የትኛው ጣቢያ እንደሚሰማ፣ በስንት ሰዓት፣ በቤት ውስጥ ወይስ በደጅ፣ ጥርት ብሎ ወይስ እያፏጨ እንደሆነ በደብተር ይመዝግቡ። የመንደሩን ስም፣ ከወንዙ ወዲህ ወይስ ወዲያ መሆኑን ይጻፉ። ይህ ሲሰበሰብ አንድ ትልቅ ካርታ ይሆናል። ያለዚህ ካርታ ማንም ባለሙያ ቢመጣ በግምት ነው የሚሠራ።

ሁለተኛ፣ በአካባቢያችን በሚሰማ ፈቃድ ባለው ጣቢያ ላይ የተማሪዎች ሰዓት እንጠይቅ። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ቢሆን እንኳ በቂ መጀመሪያ ነው። እኛ በመቶ ዋት የማንደርስበትን ቦታ የክልሉ ራዲዮ ዛሬም ይደርስበታል። ተማሪዎቹ እዚህ ይቀዳሉ፣ መምህራን ያርማሉ፣ ጣቢያው ያሠራጫል። ደብዳቤው ተረቅቋል፤ ጉባዔው ከፈቀደ ማኅተም ይደረግበታል።

ሦስተኛ፣ የአየር ሰዓት እስኪገኝ ድረስ ቅጂው በእጅ ይሂድ። ዛሬ በየገጠሩ ፍላሽና ሚሞሪ የሚያጫውት ትንሽ ራዲዮ አለ። ገበሬው ዘፈን ያስጭንበታል። ዘፈን በሚጫንበት ላይ የልጆቹ ግማሽ ሰዓት ቢጫን ምን ይከለክላል? በገበያ ቀን የሚመጣ ሁሉ ይዞ ይመለሳል። ይህ ጉናንም ይሻገራል፤ በበቅሎም በአይሱዙም ይሄዳል። ቅጂው ላይ ቀኑ በግልጽ ይነገር፤ ያረጀ ማስታወቂያ ሰው እንዳያሳስት።

አራተኛ፣ ሰሚውን እናግዝ። ብዙ ጊዜ “ጣቢያው አይደርስም” የሚባለው መቀበያው በአግባቡ ባለመያዙ ነው። ጥቂት ምክር ልስጥ፤ ለዘመዶቻችሁ ንገሩልኝ። የኤፍ ኤም አንቴና እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ተመዝዞ ይቁም። አንቴናው ከተሰበረ የዚያን ያህል ርዝመት ያለው ሽቦ ይታሠርበት። በሸለቆ ውስጥ ሞገዱ ከገደሉ እየተመለሰ እንደ ገደል ማሚቶ ይደራረባል፤ ያን ጊዜ ድምፁ ይንሻፈፋል። ራዲዮውን ከነበረበት ግማሽ ሜትር ወይም አንድ ሜትር ዞር ማድረግ ብቻ ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከመሆን በመስኮት ወይም በደጅ ይሻላል። የስልክ ራዲዮ አብዛኛውን ጊዜ አንቴናው የጆሮ ማዳመጫው ሽቦ ነው፤ ሽቦው ካልተሰካ አይሰማም። መካከለኛ ሞገድ የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ የስልክ ቻርጀርንና ርካሽ አምፖልን ከራዲዮው ያርቅ፤ እነሱ ናቸው የሚያንጫጩት። ድንጋይ የሚገዛበት ገንዘብ ለሌለው ቤት ደግሞ አንድ ራዲዮ ለአምስት ቤት ይበቃል፤ ቡና በሚፈላበት ቤት ተሰብስቦ መስማት ይቻላል። እንዲያውም አብረው የሰሙት ነገር ላይ መነጋገር ስለሚኖር ይበልጥ ይጠቅማል።

ሰዓቱም ይታሰብበት። ከብት ጠባቂ ልጅ በቀን አይሰማም። እናት ጧት ውኃ ትቀዳለች። ከመሸ በኋላ፣ ራት ተበልቶ ሰው በእሳት ዙሪያ ሲቀመጥ ነው ጆሮ የሚገኘው። ለአየር ሰዓት ስንጠይቅ ይህን ጨምረን እንጠይቅ።

አምስተኛ፣ የረጅም ጊዜው ነገር። የማኅበረሰብ ራዲዮ ፈቃድ የሚጠየቅበት መንገድ በከተማችን ካለው ዩኒቨርሲቲና ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር ሆነን ይጠና። ቀኑ ሲደርስም ከጉልበት በፊት ቦታ፣ ከማሠራጫ በፊት አንቴናና ገመድ፣ ከሁሉ በፊት ጠባቂና የመሬት ሽቦ ይታሰብ። ወደ ጋይንትም ማሰማት ከተፈለገ አንድ ጣቢያ አይበቃም፤ ቅብብል ያስፈልጋል። እረኞች ከሸንተረር ወደ ሸንተረር ሲጠራሩ አይታችኋል፤ አንዱ ይጮኻል፣ መካከል ያለው ይቀበላል፣ ከወዲያ ላለው ያደርሳል። የራዲዮም ቅብብል ይኸው ነው፤ በጉና ትከሻ ላይ ተቀብሎ ወደ ማዶ የሚያወርድ። ለሱም የራሱ ፈቃድና የራሱ ጠባቂ ያሻዋል።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ኮሚቴው ለማሠራጫ መግዣ መዋጮ እንዲሰበሰብ አያሳስብም። ከማኅበሩ ሣጥን የሚጠየቀው ለክበቡ አንድ ደህና ማይክራፎን፣ አንድ መቅረጫና ጥቂት ሚሞሪ ካርድ መግዣ ብቻ ነው። ዋጋው ከሦስት ሱቅ ተጠይቆ ይቀርባል፤ ንብረቱ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይገባል፤ ደረሰኙም በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ማይክራፎን ለምን ተባለ? ድምፁ ከምንጩ ካልጠራ የትኛውም ተራራ ላይ ቢወጣ አይጠራም። ነፋስ የገባበት፣ ከሩቅ የተቀዳ ንግግር፣ በደካማ ሞገድ ላይ ሲጨመርበት ሰሚው አንድም ቃል አይለይም። ልጆቹ አፋቸውን ወደ ማይክራፎኑ አቅርበው፣ በዝግታ፣ በር ዘግተው፣ ብርድ ልብስ በግድግዳው ላይ ሰቅለው ቢቀዱ፣ ይህ በራሱ የመሰማት ርቀትን ይጨምራል።

አንድ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ እኔው ልንገራችሁ። “እኛ የከተማ ሰዎች ነን፤ የጋይንት መንደር ቢሰማ ባይሰማ ለኛ ምናችን ነው?” የሚል አለ። በየቤታችን ተከራይተው ያሉት ልጆች የነማን ናቸው? ጤፉ፣ ድንቹ፣ ገብሱስ ከየት ነው የሚመጣው? በችግሩ ጊዜ ከተማው ሲጨንቀው ሰው የሸሸው ወዴት ነበር? ወደ ገጠር ዘመዱ አይደለም እንዴ? ከተማና ገጠር በአንድ ማድ የሚበሉ ናቸው። የዚያ መንደር ልጅ “ትምህርት ተጀምሯል” የሚለውን ቃል በጊዜው ሳይሰማ ቀርቶ ዓመቱ ቢያመልጠው፣ ያ ልጅ ተመልሶ አይመጣም። ወንዱ ለሥራ ይሰደዳል፣ ሴቷ ትዳራለች። አንድ ማስታወቂያ በጊዜው አለመድረሱ የአንዲት ልጅ ዕድሜ ያክላል። እኔ የማየው እንዲህ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ፣ የልጆቹ ፕሮግራም ስለ ትምህርት፣ ስለ ጤና፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ባህል ይሁን። የማንም ወገን መሣሪያ እንዳይሆን መምህራን አስቀድመው ያንብቡት። የልጅ ስምና የመኖሪያ ቦታ በአየር ላይ አይነገር። ሐሰት የሆነ ወይም ያልተረጋገጠ ማስታወቂያ በፍጹም አይነበብ፤ አንድ ጊዜ የዋሸ ራዲዮ ሁለተኛ እውነት ቢናገር አይታመንም። የትምህርት መከፈትና መዘጋት ማስታወቂያ በትምህርት ጽሕፈት ቤት ማኅተም ሲመጣ ብቻ ይነገር።

የተከበራችሁ አባላት፤

በቡሄ ልጆቻችን ጅራፍ ሲያጮኹ ከወዲያ ሸንተረር ያሉት ሰምተው በራሳቸው ጅራፍ ይመልሳሉ። ደብረ ታቦር የበዓሉም የከተማችንም ስም ነው። ከኮረብታ ወደ ኮረብታ መሰማማት ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር መሣሪያው ብቻ ነው፤ መሣሪያውም በሥርዓት ከተያዘ ይታዘዛል።

ስለዚህ ጉባዔው በሚከተሉት ላይ ድምፅ እንዲሰጥ በትሕትና እጠይቃለሁ። አንድ፣ ያለ ፈቃድ ማሠራጫ መትከል የሚለው ሐሳብ እንዲቀር። ሁለት፣ የመስማት ቆጠራው ከሚቀጥለው የስንቅ ጉዞ እንዲጀመርና መዝገቡን የክበቡ ተማሪዎች ከሁለት መምህራን ጋር እንዲይዙ። ሦስት፣ የአየር ሰዓት መጠየቂያው ደብዳቤ እንዲላክ፣ መልሱም በቀጣዩ ስብሰባ እንዲነበብ። አራት፣ ለማይክራፎን፣ ለመቅረጫና ለሚሞሪ ካርድ ወጪ እንዲፈቀድ። አምስት፣ ስለ ማኅበረሰብ ራዲዮ ፈቃድ የሚያጠና ሦስት ሰው እንዲመረጥ፤ ከሦስቱ አንዷ እናት እንድትሆን ኮሚቴው ያሳስባል፤ ስለ ልጅ ወሬ ከእናት የበለጠ የሚጨነቅ የለምና።

በቤታችሁ ተከራይ ተማሪ ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ጠይቁልኝ። “በናንተ መንደር የትኛው ራዲዮ ይሰማል?” በሉት። መልሱን በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ በማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ጨምሩ። ቆጠራው በዚያው ተጀመረ ማለት ነው።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።